የካንየን ጉዟችን፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የላስ ቬጋስ ማኅበራችን የ2027 ሰመር የቤተሰብ ጉዞ በመርህ ደረጃ ጸድቋል። ከሕፃን እስከ አዛውንት ሁሉም ይሄዳል፤ ማደሪያው አርቪ፣ ማለትም አልጋና ሽንት ቤት ያለው ትልቅ መኪና፣ እና ድንኳን ነው። የቀረው የት፣ መቼ እና በስንት ገንዘብ የሚለው ነው። ሦስት ብሔራዊ ፓርኮች ቀርበዋል። ዩታ ያለው ዛየን ከቬጋስ በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እዚያው ዩታ ያለው ብራይስ ካንየን አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የግራንድ ካንየን ደቡብ ጫፍ አራት ተኩል። ለጉባኤው የምናቀርበው አንድ ሐሳብ ብቻ ስለሆነ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርስ። ምርጫችሁን ስትጽፉ ምክንያቱንም ጨምሩ።

የወጣቶች ክፍል፦
እኛ ዛየን ነው የምንለው። ቅርብ ነው። ናሮውስም አለ። እዚያ መንገዱ ወንዙ ራሱ ነው፤ ዱላ ይዘህ ውሃ ውስጥ ትሄዳለህ፣ ግራና ቀኝህ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ዋችማን የሚባለው ካምፕ ፓርኩ ውስጥ ነው፤ መብራት የሚሰካባቸው የአርቪ ቦታዎች አሉት። ከካምፑ በእግር ወጥቶ ነጻውን የፓርኩን አውቶቡስ (ሻትል) መያዝ ብቻ ነው።

አንድ አባል፦
እኔ ግራንድ ካንየን እላለሁ። እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ በስም የሚያውቁት እሱን ነው። በ2025 የሰሜኑ ጫፍ ሎጅ በሰደድ እሳት ሲወድም ደንግጬ ነበር። ደቡቡ ግን ከገደሉ ማዶ ነው፣ እሳቱ አልነካውም። ትሬለር ቪሌጅ የሚባለው ካምፕ ውሃም፣ መብራትም፣ የፍሳሽ መስመርም አለው። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው።

ሰብሳቢ፦
ሁለታችሁም ያላችሁት ልክ ነው። እኔ ግን ብራይስ ላይ አርፈን ዛየንን በመንገድ እንድናየው እመክራለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ልጄ፣ ዛየን ጁን ላይ ይሞቃል። ሸለቆው ውስጥ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ከቬጋስ ምን ለየው? ብራይስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ ናት። ቀኑ ለስላሳ ነው፤ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል። የእንጦጦ አየር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ግራንድ ካንየንም ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ወደ 2,100 ሜትር። እዚያ ግን ጫፉ ላይ ቆመህ ታያለህ እንጂ ወርዶ መመለስ የልጅ ሥራ አይደለም። እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ መውረዱ ይቀላል፣ መውጣቱ ነው ሰው የሚጥለው። ብራይስ ላይ ክዊንስ ጋርደንን ወርደህ በናቫሆ ሉፕ ብትወጣ በጠቅላላው 4.6 ኪሎ ሜትር ነው። የአስር ዓመት ልጅ ይችለዋል። ለአዛውንቶቻችን ደግሞ ከሰንራይዝ ፖይንት እስከ ሰንሴት ፖይንት ያለው 800 ሜትር አስፋልት ነው። ዊልቸርም የልጅ ጋሪም ይሄድበታል። አያት ከላይ፣ የልጅ ልጅ ከታች፣ ሁሉም ያንኑ ቦታ ያያል። ይህን ሌላ ፓርክ ላይ አላገኘሁትም።

እይታውን ያላያችሁ ካላችሁ፦ ብራይስን ወንዝ አልቀረጸውም። ዝናብና ውርጭ ናቸው የሠሩት። በዓመት ግማሽ ያህሉን ሌሊት በድንጋዩ ስንጥቅ የገባው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ቀን ይቀልጣል። እንዲህ እያደረገ ድንጋዩን ሰነጣጥቆ ቀይና ብርቱካናማ ዓምዶች አቁሞታል። ሁዱ ይሏቸዋል። ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስታገኛቸው ከውስጥ መብራት የበራባቸው ይመስላሉ።

የወጣቶች ክፍል፦
ጋሼ፣ ናሮውስ ካልቀረብን እንስማማለን።

የሹፌሮች ተወካይ፦
እኔ ስለ መንገዱ ልናገር፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ነገር አለ። ከዛየን ወደ ብራይስ አጭሩ መንገድ በዛየን-ማውንት ካርሜል ዋሻ ነው የሚያልፈው። ዋሻው በ1930 የተከፈተ ነው፣ ርዝመቱ 1.1 ማይል። የተሠራው ለዚያ ዘመን መኪና ነው። ድሮ ትልቅ መኪና ሲመጣ 15 ዶላር አስከፍለው፣ ከፊት የሚመጣውን አቁመው፣ በመሃል መስመር ያሳልፉ ነበር። ከ2026 ወዲህ ያ ቀርቷል። ከፍታው ከ11 ጫማ ከ4 ኢንች፣ ወይም ስፋቱ ከ7 ጫማ ከ10 ኢንች የሚበልጥ መኪና አያልፍም። የምንከራያቸው አርቪዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይበልጣሉ። የስልካችሁ ካርታ ይህን አያውቅም፤ ቀጥታ ወደ ዋሻው ይመራችኋል።

ስለዚህ አርቪዎቹ በ15 ቁጥር ሃይዌይ ሽቅብ ሄደው ኤግዚት 95 ላይ ወደ 20 ቁጥር ይታጠፋሉ፤ ከዚያ 89 ደቡብ፣ ከዚያ 12 ቁጥር። ሲዳር ሲቲ ላይ የሚገነጠለው 14 ቁጥር ያጥራል ብሎ የሚያማልል አለ፤ ትልቅ ተራራ ስለሚወጣ አንገባበትም። 12 ቁጥር ላይ ሬድ ካንየን ውስጥ ሁለት አጫጭር የድንጋይ ቅስቶች አሉ፤ አርቪ ያልፍባቸዋል፣ እንዳትደነግጡ።

20 ቁጥርም ቁልቁለት አለው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ዓባይ በረሃን የነዳ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፍሬን ላይ ተኝቶ አይወረድም። ቁልቁለቱ ሳይጀምር በከባድ ማርሽ ነው የሚገባው። አርቪውን የሚነዱት ትልቅ መኪና የለመዱ አባሎቻችን ብቻ ይሁኑ፤ ለእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ሹፌር ይመደብ።

ነርስ እህታችን፦
ሦስት ነገር። በቬጋስ የለመድነው ከፍታ 600 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያደግን ብንሆንም ሰውነታችን ረስቶታል። የመጀመሪያው ቀን ዕረፍት ይሁን፤ ውሃ በብዛት፣ ዳገት የለም። የልብና የግፊት ሕመም ያለባቸው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ ሌሊት የመተንፈሻ ማሽን የሚጠቀሙ አባቶች አሉን፤ ኢንሱሊን የሚያስቀምጡም አሉ። መብራት ግድ ነው። በብራይስ ፓርክ ውስጥ ያሉት ሁለት ካምፖች፣ ኖርዝና ሰንሴት፣ የመብራት መስመር የላቸውም። ጄኔሬተር ደግሞ ሌሊት አይፈቀድም።

ሦስተኛ፣ ናሮውስን በተመለከተ። ጎርፉ የሚፈራው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ነው። በሴፕቴምበር 2015 ዛየን ውስጥ ኪሆል በሚባል ጠባብ ሸለቆ ሰባት ሰዎች በድንገተኛ ጎርፍ ሞተዋል። ጁን ደረቅ ወር በመሆኑ ከዚያ ይሻላል፤ ግን በረዶው ቀልጦ ወንዙ ከሞላ፣ ፍሰቱ በሰከንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ ሲበልጥ ፓርኩ ናሮውስን ይዘጋዋል። ክፍት ከሆነ ይገባል፣ ከተዘጋ ክርክር የለም። ይህ በረቂቁ ላይ ይጻፍልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ፓርኩ ውስጥ ኖርዝ ካምፕ ይሁን ልል ነበር፤ ሲኒየር ካርድ (የአዛውንት የፓርክ ካርድ) ያለው ሰው የካምፑን ግማሽ ዋጋ ነው የሚከፍለው። እህታችን ባለችው ግን እስማማለሁ። ከፓርኩ በር ውጭ ብራይስ ካንየን ሲቲ ላይ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ ያለው የግል የአርቪ ካምፕ አለ። የድንኳን ቦታም አለው፤ የፓርኩ ሻትል በዚያ ያልፋል። ሁላችንም አንድ ቦታ እንሁን።

መግቢያን በተመለከተ በደንብ አንብቡልኝ። የአንድ መኪና መግቢያ 35 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን። ብራይስም ዛየንም ለየብቻ ይከፈላል። ዓመታዊው ካርድ ለአሜሪካ ነዋሪ 80 ዶላር ነው። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ በ80 ዶላር የዕድሜ ልክ ሲኒየር ካርድ ያወጣል፤ ያ ካርድ አብሮት በመኪናው ያለውንም ሰው ያስገባል። እንግዲህ በየመኪናው አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ካርዳቸውን ይዘው ከተቀመጡ የመግቢያ ወጪያችን በጣም ይቀንሳል። አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁም የነጻ ፓስ አለላችሁ፤ ኢንተርኔት ላይ አውጡና አትሙት።

አንድ አባል፦
ከሀገር ቤት ለሚመጡትስ? ከ2026 ጀምሮ ነዋሪ ላልሆነ ሰው በ11 ፓርኮች ተጨማሪ 100 ዶላር በነፍስ ወከፍ ይጠየቃል ተብሏል። ብራይስም ዛየንም ግራንድ ካንየንም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ወላጆቼ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ፓርክ ከገቡ 400 ዶላር ነው። እነሱ ካምፕ ይቅሩ ማለት ደግሞ አልችልም።

ሰብሳቢ፦
ማንም ካምፕ አይቀርም። እናት አባት ከሀገር መጥተው በር ላይ የሚቆሙበት ጉዞ የማኅበራችን ጉዞ አይደለም። የብራይሱን ማኅበሩ ይክፈል ብዬ አቀርባለሁ። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ተጨማሪው አይጠየቅም። ዛየንን ማየት የሚፈልግ እንግዳ ካለ ቤተሰቡ ይሸፍን፤ የማይፈልግ በአርቪው ይመለሳል። ሬድ ካንየን ላይ ደግሞ ሁላችንም ቆመን እንይ። ብሔራዊ ደን ውስጥ ስለሆነ መግቢያ የለውም፤ ቀይ ዓምዶቹ ከመንገዱ ጠርዝ ይታያሉ።

ገንዘብ ያዥ፦
ካዝናው ይችለዋል። የእንግዶች ብዛት በጊዜ ይነገረኝ እንጂ።

የሴቶች ክፍል ሰብሳቢ፦
ቀኑን ሳትጨርሱ ምግቡን ማሰብ አንችልም። በ2027 ትንሣኤ ሜይ 2 ነው የሚውለው፤ ጰራቅሊጦስ ጁን 20 ነው። በመካከሉ በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። ዒድ አል አድሓም ከዚያ በፊት ያልፋል። ስለዚህ የጁን የመጀመሪያው አጋማሽ ለሁላችንም ይስማማል። ሥጋው ሁሉ ሐላል ይሁን፤ የሙስሊም ቤተሰቦቻችን ለብቻቸው እንዳያበስሉ።

እንጀራ ከዚሁ ይዘን እንሄዳለን። ምስርና ሽንብራ ቬጋስ እንደለመድነው ቶሎ አይበስልም፤ በዚያ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ጨርሰን ሠርተን እናምጣው፣ እዚያ ማሞቅ ብቻ።

ስለ ቡናው ግልጽ ልሁን። ጁን ላይ የእሳት ክልከላ በብዛት ይታወጃል። ያኔ ከሰል አይፈቀድም፤ መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ግን ይፈቀዳል። ጀበናውን ቡታጋዝ ላይ እንጥዳለን። ቡናው እዚያው ይቆላል፣ ረከቦቱም ይዘረጋል። ዕጣን በፍም የሚጨስ ከሆነ ግን ይቅር፤ ያ ደን አንዴ ከተያያዘ ማንም አያቆመውም።

የታክሲ ሹፌር አባል፦
ቅዳሜና እሑድ እንዳታደርጉት። አብዛኞቻችን ታክሲ ወይም ካዚኖ ነው የምንሠራው፤ ሳምንቱን የምንበላው በዓርብና ቅዳሜ ነው። ከእሑድ እስከ ሐሙስ ከሆነ ኦፍ መጠየቅ ይቀላል። ካምፑም በሥራ ቀን ፋታ አለው።

የሴቶች ክፍል ሰብሳቢ፦
ከቅዳሴ በኋላ መነሳት ይቻላል። እስማማለሁ።

የወጣቶች ክፍል፦
እሑድ ጁን 6 ከሆነ ጨረቃዋ ገና ቀጭን ናት፤ ጁን 4 ላይ ነው የምትታደሰው። ብራይስ ከ2019 ጀምሮ በጨለማው ሰማይ የታወቀ ፓርክ ነው። የከተማ መብራት ስለሌለ ፍኖተ ሐሊብ በዓይን ይታያል። ማታውን እኛ እናዘጋጅ፤ ልጆቹ አንድም ጊዜ አይተውት አያውቁም።

የሹፌሮች ተወካይ፦
አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የአርቪ ሽንት ቤት ቆሻሻ በራሱ አይጠፋም። ጓንት አድርጎ የሚደፋ ሰው ይመደብ። መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ታንክ፣ ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያው፤ የሁለተኛው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ተራ በተራ እንሥራው፣ አንድ ሰው ላይ አይከመር።

ጸሐፊ፦
አመሰግናለሁ። ለጉባኤው የሚቀርበው ረቂቅ ይህ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ጉዞው እሑድ ጁን 6 ቀን 2027 ከቀኑ 1 ሰዓት ከቬጋስ ይነሳል፤ ሐሙስ ጁን 10 ይመለሳል። ዩታ ከኔቫዳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ስንገባ ወደ ምሽት 7 ሰዓት ይሆናል፣ ፀሐይ ግን አትጠልቅም። አራቱም ሌሊት ብራይስ ካንየን ሲቲ በሚገኘው ካምፕ ነው፤ ሁለት አርቪ ለአዛውንቶችና ሕፃናት ላሏቸው እናቶች፣ ሌላው በድንኳን። አርቪዎቹ ካምፕ ከደረሱ በኋላ አይነቃነቁም፤ ወደ ፓርኩ በሻትል ይገባል። ሰኞ ዕረፍትና የጫፉ መንገድ፣ ማክሰኞ ቁልቁል የሚወርዱት ይወርዳሉ፣ ረቡዕ ቡናና የልጆች ጨዋታ፣ ማታ ሰማይ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ትንንሾቹ መኪኖች በዋሻው በኩል ወደ ዛየን ሄደው ከዚያ ወደ ቤት ይገባሉ፤ አርቪዎቹ በመጡበት ይመለሳሉ። ናሮውስ ክፍት ከሆነ ብቻ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ደግሞ ከወላጅ ጋር ብቻ። ከሀገር ቤት ለመጡ እንግዶች የብራይስን ተጨማሪ ክፍያ ማኅበሩ ይችላል።

አንድ አባል፦
ግራንድ ካንየንን ለ2028 በዚሁ ረቂቅ ላይ ያዙልኝ እንጂ እቃወማለሁ አልልም።

ጸሐፊ፦
ተይዟል። የካምፑ ቀብድ በዚህ ወር መከፈል ስላለበት የቤተሰባችሁን ብዛት፣ በአርቪ ነው በድንኳን የምታድሩት የሚለውን፣ 62 የሞላቸውን እና ከሀገር ቤት የሚመጡትን ለይታችሁ እስከ እሑድ ለገንዘብ ያዥ አሳውቁ።