የግሪንላንዱ ማመልከቻ፦ አርብ ማታ መግባት አለበት

ሰብለ፦ ማኅበራችን በአማርኛ ለሚታደል ወረቀት ገንዘብ የሚጠይቅበትን ማመልከቻ ረቂቅ ለጥፌያለሁ። የተስማማነው ግሪንላንድ ባለው በማርሞሪሊክ ጉዳይ ላይ ነው። «ጥቁሩ መልአክ» የተባለው የእርሳስና የዚንክ ማዕድን ማውጫ ከ1973 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ዝቃጩን ፊዮርዱ፣ ማለት በተራሮች መካከል የገባው ጠባብ የባሕር ክንድ ውስጥ ደፋ። ውሃው ጥልቅ ነው፣ ታች ተኝቶ ይቀራል ተብሎ ነበር። አልቀረም። በብርዱ ወራት ውሃው ሲደባለቅ እርሳሱ እየሟሟ ወጣ። ዛጎሉ፣ የባሕር ሣሩ፣ የዓሣው ጉበት ሁሉ ተበከለ። ማዕድኑ ከተዘጋ ከዓመታት በኋላም በአካባቢው ዛጎል አትልቀሙ ይባል ነበር። ይህንን በአማርኛ ጽፈን እዚህ ውጭ አገር ላሉትም አገር ቤት በማዕድን ዙሪያ ለሚኖሩትም እናድርስ። ሚኪ ሠንጠረዦቹን ይተረጉማል።

ሚኪ፦ እሺ። እስከ ማክሰኞ ይደርሳል።

ጋሽ ታደሰ፦ 45 ሺህ ክሮነር ብዙ ነው። የመስቀሉ አዳራሽ ዕዳ ገና አልተከፈለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ሰብለ፦ ጥቁር ዛጎል ነው ጋሼ። ሙሰል የሚሉት።

ጋሽ ታደሰ፦ አውጪው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም። እናቶቻችን ሽፋኑን አይተው ነው የሚጥሉት።

ሂሩት፦ እኛ እኮ ብሉ አላልንም።

ጋሽ ታደሰ፦ ሥዕሉ ነው የሚናገረው።

ዮናስ፦ ጋሼ፣ ዛጎሉ የተመረጠው ለምግብነቱ አይደለም። ቦታውን አይለቅም። ውሃ እያጣራ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ውሃው ውስጥ ያለውን እርሳስ በሥጋው ያጠራቅማል። ተመራማሪዎቹ በየጊዜው እየለቀሙ የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ማስረጃው እሱ ነው።

እትዬ አልማዝ፦ የጋሽ ታደሰን ሐሳብ እደግፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የምናድለው።

ዮናስ፦ አራት መልእክት ስለ ሽፋን! ስለ ዝቃጩ አንድ ሰው አልጠየቀም።

ጋሽ ታደሰ፦ አንተ ልጅ፣ ይህ ማኅበር ሲቋቋም የት ነበርክ? ፊርማው የእኔ ነው። ዛጎል ያለበት ወረቀት ላይ አልፈርምም።

ሰብለ፦ እኔ ሰባት ወር ሠርቼበታለሁ። ከፈለጋችሁ ያለ እኔ አስገቡት።

እትዬ አልማዝ፦ ተረጋጉ እንጂ። ሰብልዬ፣ የትም አትሄጂም።

ጋሽ ታደሰ፦ ተቆጣሁ፤ ይቅር በይኝ ልጄ። የባሕሩ እንስሳ አቆስጣ፣ ሲል የሚሉት፣ ይሁን። የኦሪቱ ድንኳን እንኳ በአቆስጣ ቁርበት ነው የተሸፈነው። ሰው ያውቀዋል።

ሂሩት፦ ጥሩ ነው። ግሪንላንዶችም ይበሉታል።

ሰብለ፦ ሥዕሉ ከተቀየረ ጽሑፉም ይቀየራል። እርሳስ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር እየበረታ አይሄድም። የሚበረታው ሜርኩሪ ነው። ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ፣ ከትልቅ ወደ አቆስጣ፣ ከዚያ ወደ ነጭ ድብ። አቆስጣ ካደረግን ስለ ሜርኩሪ መጻፍ አለብን።

ዮናስ፦ እንደውም ከአገራችን ጋር የሚያገናኘን ሜርኩሪው ነው። ከሰው ሥራ ወደ አየር ከሚወጣው ሜርኩሪ 38 በመቶ ያህሉ ከአነስተኛ የወርቅ ማምረት ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ያወጣው ነው። እኛም አገር በሜርኩሪ ወርቅ የሚለዩ አሉ። እሳት ላይ ሲያቃጥሉት ይተናል። ያ ትነት ወራት ተንሳፍፎ ዋልታ ድረስ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚጎዳው ግን እዚያው እሳቱ ዳር የተቀመጠው ሰው ነው።

እትዬ አልማዝ፦ ነፍሰ ጡሮችስ? ልጄ ስድስት ወሯ ነው። ጾም ሲሆን ቱና ነው የምትበላው።

ሂሩት፦ የፋሮ ደሴቶች ሐኪሞች በ2008 እ.ኤ.አ. የዓሣ ነባሪ ሥጋ ለሰው አይሁን ብለዋል። በሜርኩሪው ምክንያት።

ዮናስ፦ እዚህም ነፍሰ ጡሮች ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎችን ይቀንሱ ይባላል። ትንንሾቹ ይሻላሉ፤ ሄሪንግ፣ ሰርዲን።

ጋሽ ታደሰ፦ እንግዲህ ይህ ነው የሚጠቅመን። ርዕሱን «ነፍሰ ጡርና ዓሣ» እንበለው። ቡናም ይኑር፤ ለቡናው 6 ሺህ ጨምሬያለሁ።

ሰብለ፦ የወርቅ ቆፋሪዎቹስ?

ጋሽ ታደሰ፦ በሚቀጥለው ዓመት።

ሰብለ፦ እሺ። ግን ስለ ዝቃጩ ያለው አንድ አንቀጽ ይውጣ አልልም። ነፍሰ ጡሯ ዓሣ ትቀንስ ማለት ቀላል ነው። የደፋውም ይጠየቅ። ውሃ ውስጥ የጣሉት ነገር ተቀበረ ማለት እንዳልሆነ ሰው ይወቅ። ሚኪ፣ ሠንጠረዡስ?

ዮናስ፦ ሚኪ?

ሂሩት፦ ትናንት ደወልኩለት፤ አያነሳም።

ሰብለ፦ ያለ ሠንጠረዡ ይግባ። በቃላት ጻፍኩት።

ጋሽ ታደሰ፦ አርብ 11፡40 ላይ አስገባሁት። ሽፋኑ ላይ ዓሣ ነው፤ ክንፍም ቅርፊትም አለው። የሰብለ አንቀጽ ገጽ 3 ላይ አለ፤ አልነካሁትም። ሚኪን ያገኘ ይንገረኝ፣ የማኅበሩ ላፕቶፕ እሱ ጋ ነው።