ሰሜን ቨርጂኒያ፦ የኦፒዮይድ ካሳው ገንዘብ የት ይገባል?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ገብቷል። ትምህርት ቤቱ ፈንታኒል ስለሚባለው ገዳይ የኦፒዮይድ ዓይነት ደብዳቤ ልኮልን ደነገጥኩ። ካውንቲው ለዚህ ጉዳይ ከመድኃኒት ኩባንያዎች ገንዘብ ይቀበላል የሚባለው እውነት ነው? ለእኛስ ምን ይደርሰናል?

መልስ፦
እህቴ፣ እውነት ነው። ኦፒዮይድ የሚባሉት ሱስ የሚያስይዙ ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ኩባንያዎቹ የተከሰሱት በእነሱ ነው። በ2021 ሦስቱ ትልልቅ መድኃኒት አከፋፋዮች፣ ማኬሰን፣ ካርዲናል ሄልዝና አሜሪሶርስበርገን፣ ከጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጋር እስከ 26 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማሙ። አከፋፋዮቹ ድርሻቸውን የሚከፍሉት በ18 ዓመት ነው። ኋላ ፋርማሲዎቹ ሲቪኤስ፣ ዋልግሪንስና ዋልማርትም ተጨመሩ። ከገንዘቡ ቢያንስ 85 ከመቶው ሱስን ለማከምና ለመከላከል መዋል አለበት።

እኛ ጋ ክፍፍሉ እንዲህ ነው። 15 ከመቶ ለስቴቱ፣ 30 በቀጥታ ለካውንቲዎችና ለከተሞች። የቀረው 55 ለዚሁ ሥራ በ2021 ወደተቋቋመው የስቴቱ ባለሥልጣን ይሄዳል። እሱም ለካውንቲዎች መልሶ ያከፋፍላል። ከእሱ በሚገኘው ገንዘብ የነባር ፕሮግራምን በጀት መተካት በሕግ ክልክል ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቴነሲ ውስጥ ግሪን ካውንቲ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነውን ለካውንቲው ዕዳ ክፍያ አውሎታል። ሳነብ አንጀቴ ነው ያረረው። የሰው ልጅ ሞቶ የመጣ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። እኛ ሕንጻ ላይ አንድ ወጣት አርፎ ለቅሶ ደረስን። «ልቡ ነው» ተባለ። ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አንዳችንም አልተነፈስንም። እናትየው ያንን ሸክም ብቻዋን ተሸከመችው። ይሄ ዝምታ ነው ወደ ኋላ ያስቀረን። ካውንቲው ደግሞ ያልጠየቀውን ሰው አያስታውስም።

ስለዚህ የካውንቲው በጀት ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ፣ ማርችና ኤፕሪል አካባቢ፣ እንሂድ። ስም አስመዝግቦ ለደቂቃዎች መናገር ይቻላል። ጥያቄያችን ቀላል ይሁን፦ በአማርኛ የሚያስረዳ የሱስ አማካሪ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አዳራሽ የሚሰጥ የናርካን (ኦፒዮይድ በዝቶበት ራሱን የሳተን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት) ሥልጠና። ከእድራችን አምስት ሰው ቢሄድ ይሰማል።

ጥያቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እስከዚያስ ናርካን ከየት ላግኝ?

መልስ፦
በጀቱን አትጠብቂ። ጤና ቢሮዎች በነጻ ይሰጣሉ። «ሪቫይቭ» የሚባለው የስቴቱ ሥልጠናም ነጻ ነው። ከ2023 ጀምሮ ናርካን ፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው፣ መርፌ የለውም። ራሱን የሳተ ሰው ካገኘሽ መጀመሪያ 911 ደውዪ፣ ከዚያ ርጪለት፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አጠገቡ ሁኚ። ልጅሽንም አስተምሪው፣ ለጓደኛው ሊደርስ ይችላል። ከፋርማሲ ያልተገዛ ክኒን አንዱን እንኳ እንዳይነካ ንገሪው።

ለበጀቱ ቀን አብሮ የሚሄድ እዚሁ ይጻፍልኝ። መኪናዬ አራት ሰው ይይዛል።