ፍቅርን ያለ መልክ በቀለም ብቻ መሣል ይቻላልን?

ጠያቂ፦
ከባለቤቴ ጋር የተጋባንበት 10ኛ ዓመት ሊሞላ ሦስት ወር ቀርቶታል። ለዕለቱ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ላበረክትላት አስቤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሸራ ወጥሬ፣ ትናንት በቀይ የዘይት ቀለም ሸፈንኩት። ዛሬ ራቅ ብዬ ሳየው ግን ፍቅር ሳይሆን የሥጋ ቤት ግድግዳ መሰለኝ። ልብም ጽጌረዳም ሳልሥል የፍቅርን ግለት እንዴት ላሳይ?

የመጀመሪያ መልስ፦
ቀይ ብቻውን የሚናገረው ነገር የለም፤ የሚያናግረው አጠገቡ ያለው ቀለም ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ማርክ ሮትኮ ቀለሙን እጅግ አቅጥኖ እየደራረበ ይቀባ ስለነበር የታችኛው በላይኛው ውስጥ ያበራል፤ ጠርዙንም ያደበዝዘው ስለነበር አንዱ ቀለም የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር በቀላሉ አይለይም። ለሁለት ሰዎች መቀራረብ ከዚህ የተሻለ አገላለጽ አላውቅም። እርስዎም የታችኛውን ንብርብር በአኳራጅ ያቅጥኑት፤ የተልባ ዘይቱን ለላይኞቹ ያቆዩት፤ አለዚያ ሥዕሉ ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል። አዲስ አበባ ካሉ ደግሞ ስድስት ኪሎ አካባቢ ወደሚገኘው የሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ጎራ ብለው ሥዕሎቹን ቀርበው ይመልከቱ።

ሁለተኛ መልስ፦
ስለ አቀባቡ የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ጠያቂው የተሳሳቱት ከብሩሹ በፊት ይመስለኛል፤ የራሳቸውን ፍቅር ሳይሆን «ፍቅር» የሚለውን ቃል ነው የሣሉት። አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሊ ክራስነር፣ እንደ እሷው ሠዓሊ የነበረው ባሏ ጃክሰን ፖሎክ በ1956 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ፣ ትሥልበት ከነበረው ጠባብ የመኝታ ክፍል ወጥታ እሱ ይሠራበት ወደነበረው ጎተራ ገባች። በ1957 የሠራችው «ወቅቶች» የተባለው ሥዕል ወርዱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ከሐዘንተኛ ጥቁር ለሚጠብቅ ተመልካች የሚታየው ግን እንደ ፍሬ ያበጠ ሮዝና አረንጓዴ ነው። ለእርስዎስ ባለቤትዎን ሲያስቡ የሚመጣብዎ ቀለም በእርግጥ ቀይ ነው?

ጠያቂ፦
አይደለም። መጀመሪያ የተከራየናት አንዲት ክፍል ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነበራት፤ ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበት ቀለሙ የእሷ ነጠላ ላይ ይወድቅ ነበር። ቀዩ ገና ስላልደረቀ በቢላ እየጠረግሁት ነው፤ ሸራው ውስጥ ዘልቆ የቀረውን ሐምራዊ መሳይ ጥላ ግን ልተወው አስቤያለሁ።

የመጀመሪያ መልስ፦
ይተዉት። ሰማያዊውንም በስሱ ያሳርፉበት፤ በየንብርብሩ መካከል ለማድረቂያ በቂ ቀናት ከሰጡት ሦስቱ ወር ይበቃዎታል።