የ1934ቱ የኮንስታንቲን ግድያ መንሥኤው ሃይማኖት ብቻ ነውን?

ሒርማታ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1934 በአልጄሪያዋ ኮንስታንቲን በአይሁዶች ላይ ስለተፈጸመው ግድያ ስንወያይ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች «የቆየ የሃይማኖት ጥላቻ ነው» ብለው ክርክሩን ዘጉት። ለዘመናት በአንድ ገበያ ሲነግዱ የኖሩ ሰዎች በፈረንሳይ አገዛዝ ሥር ለግድያ ከደረሱ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ የለብንም ትላላችሁ?

አዌቱ፦
መምህር፣ እኔ ከሕጉ እጀምራለሁ። ፈረንሳይ ኦክቶበር 24 ቀን 1870 ባወጣችው የክሬሚዩ ድንጋጌ 35,000 ለሚሆኑ የአልጄሪያ አይሁዶች በአንድ ጊዜ ዜግነት ስትሰጥ፣ ሙስሊሙን ተገዢ አድርጋ አስቀረችው፤ እርሱ ዜጋ ለመሆን በጋብቻና በውርስ የሚዳኝበትን ሸሪዓ መተው ስለነበረበት፣ ይህን የፈቀዱት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ትናንት እኩል የነበሩ ጎረቤታሞች አንዱ መራጭ፣ ሌላው ለተገዢዎች ብቻ በወጣ ደንብ የሚቀጣ ሆኑ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ሲጨመርበት፣ ዕዳ የከበደው ሰው ቂሙን በቅርብ በሚያየው አበዳሪ ላይ አሳረፈ። (ለም መሬቱን የያዘው ግን አውሮፓዊው ሠፋሪ ነበር፤ ፀረ አይሁድ ቅስቀሳውንም አስቀድሞ ያጧጧፈው እርሱ ነው።)

ጊቤ፦
በሕጉ እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉን በቅኝ ገዢው ላይ ማላከክ ገዳዮቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል። ዓርብ ማታ አንድ አይሁዳዊ ወታደር መስጊድ አጠገብ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ መታጠብ) ከሚያደርጉ ምእመናን ጋር ተጣላ፤ ሰክሮ ነበር ተባለ፣ ሰደባቸው ተባለ፣ ከተማውም ታመሰ። እሑድ ደግሞ ታዋቂው የሙስሊሞች ፖለቲከኛ ዶክተር ቤንጀሉል ተገደለ የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሰውየው ግን በሕይወት ነበር። በዚያ ሁከት ሴቶችና ሕፃናት ጭምር 25 አይሁዶች ሞቱ። አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን የሸሸጉ ሙስሊሞችም ነበሩና፣ ሌላ ምርጫ አልነበረም ማለት አይቻልም። ፖሊሱና ጦሩ በከተማዋ ውስጥ እያሉ ዘረፋውን በጊዜ አለማስቆማቸው ግን የአገዛዙ ጥፋት ነው።

አዌቱ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ የክሬሚዩ ድንጋጌ ባልነበረባት በሊቢያዋ ትሪፖሊም በኖቬምበር 1945፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር፣ ከ130 በላይ አይሁዶች ተገድለዋል፤ በዚያ ጊዜ የፍልስጤም ጉዳይም ተጨምሮ ነበር። መምህር፣ ለውይይቱ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ጅማን የአንድ ግዛት መቀመጫ አድርጎ ሲገዛ፣ በአገሪቱ መስጊድ እያሠራ ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለመለየት መሞከሩን ተማሪዎችዎ ከአያቶቻቸው ሊጠይቁ ይችላሉ። ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት በኦክቶበር 1940 የአልጄሪያ አይሁዶችን ዜግነት ሲገፍ ለሙስሊሙ የጨመረለት መብት እንዳልነበረም አብረው ይመልከቱ።