በካንሰር ሳቢያ የሚመጡ የአጥንት ችግሮች ኮድ፦ የጋራ ሐሳባችንን እዚህ እንቅረጽ

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ የምንለውጥ ኮደሮች እንደመሆናችን ለማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ርዕሱ ጸድቋል፣ ይዘቱ ግን ገና ባዶ ነው። እኔ መነሻ የሚሆን ረቂቅ አስቀምጣለሁ። እናንተ ቁረጡት፣ ቀጥሉበት፣ ካልመሰላችሁም ጣሉት።

ረቂቅ 1፦ «ማህበሩ ለአባላቱ አንድ የኮድ ሰንጠረዥ ያዘጋጅ። ከሌላ ቦታ ወደ አጥንት ወይም ወደ መቅኒ ለተሰራጨ ካንሰር ሲ79.5፣ ከአጥንቱ ከራሱ ለተነሳ ሲ40 እና ሲ41፣ ለመልቲፕል ማይሎማ (የመቅኒ ህዋሳት ካንሰር) ሲ90.0፣ በካንሰር ምክንያት ለተሰበረ አጥንት ኤም90.7፣ በሌላ በሽታ ምክንያት ለተደረመሰ የአከርካሪ አጥንት ኤም49.5።»

ቁጥሮቹ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መደብ፣ ማለትም አይሲዲ-10፣ ላይ ያሉት ናቸው። የአሜሪካውን ቅጂ፣ ማለትም ሲኤሙን የምትጠቀሙ አባላት አላችሁ፤ የእናንተን ጎን ለጎን እንጨምራለን።

ነባር ኮደር (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል)፦
ሰንጠረዡ ስህተት የለበትም። ችግራችን ግን እሱ አይመስለኝም። ኮዱ የጠፋበት ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ያገኘዋል። የማይገኘው ካርዱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ናት እንበል። ለዓመታት ሌትሮዞል ስትወስድ ቆይታለች፣ ጨረርም ታክማለች፣ አሁን ወገቧን አሟት መጥታ አንድ የአከርካሪ አጥንቷ ተደርምሶ ተገኘ። ሐኪሙ የጻፈው «የአከርካሪ ስብራት፣ የጡት ካንሰር» ብቻ ነው። በሉ ኮድ ስጡ!

ካንሰሩ አጥንቱን በልቶት ከሆነ ሲ79.5 እና ኤም49.5 ነው። ሌትሮዞል ኤስትሮጅንን ስለሚቀንስ አጥንት ያሳሳል፤ ስብራቱ ከዚያ የመጣ ከሆነ ደግሞ ኤም80.4 ነው፣ በመድኃኒት ከመጣ የአጥንት መሳሳት ጋር የሚሄድ ስብራት። ከፍ ካለ ቦታ ወድቃ ከሆነ ጉዳት ነው፣ ኤስ32.0። ጨረሩ ያዳከመው አጥንት ከሆነም ሌላ መንገድ አለው። አራት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው፣ ሕክምናቸውም አይገናኝም፣ ካርዱ ላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን አንድ ነው። «ካንሰር አለባትና ከካንሰሩ ነው» ብሎ ማያያዝ የኮደር ሥራ አይደለም። በበኩሌ እንደዚያ የተሰጠ ኮድ ባዶ ከተተወ ይልቅ የከፋ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ባዶውን አንድ ሰው ተመልሶ ይጠይቅበታል፣ የተሞላውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ረቂቁ ከሐኪሙ ማስታወሻ ይጀምር የሚል ነው። ሰንጠረዡ አባሪ ይሁን።

ጀማሪ ኮደር፦
ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ መድኃኒት ማዘዣውን ነው የማየው። ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ የሚባሉት የአጥንት መጠበቂያ መድኃኒቶች ከታዘዙ፣ ወይም ላብራቶሪው ላይ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ከታየ፣ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል ማለት አይደለም እንዴ?

ነባር ኮደር፦
አይደለም ልጄ። ጥያቄው ግን ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት የሚዞር ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች ለአጥንት መሳሳትም ይሰጣሉ፣ ምንም ስርጭት ሳይኖር። ካልሲየሙም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ዕጢዎች አጥንት ሳይነኩ ካልሲየም ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፣ ከፓራታይሮይድ ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል። እና ሐኪሙ የካልሲየም መጨመር ብሎ ከጻፈ ኢ83.5 ትሰጪዋለሽ፣ ሲ79.5ን ግን ከእሱ አታወጪም። ማዘዣውና ላብራቶሪው ሐኪሙን ለመጠየቅ ምክንያት ይሆኑሻል እንጂ መልስ አይሆኑሽም።

የካንሰር መዝገብ ባለሙያ፦
በዚህ በኩል እኔም ብሶት አለብኝ። «የአጥንት ካንሰር» የሚለው አጻጻፍ በግልጽ ይነሳልኝ። ይህን ሲያይ ኮደሩ ሲ40 ወይም ሲ41 ይሰጣል፣ ከዚያ እኛ ጋ ሲደርስ አዲስ የአጥንት ዕጢ ሆኖ ቁጭ ይላል። ከአጥንት ከራሱ የሚነሳ ካንሰር ብርቅ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ፣ ኮንድሮሳርኮማ፣ ኢዊንግ ሳርኮማ፣ እነዚህና ጥቂት ሌሎች ናቸው። አጥንት ላይ የሚታየው ካንሰር በአብዛኛው ከጡት፣ ከፕሮስቴት፣ ከሳንባ፣ ከኩላሊት ወይም ከታይሮይድ የመጣ ነው። አይሲዲ-10 ራሱ ማውጫው ላይ ምልክት አድርጎበታል፦ አጥንት ላይ የተገኘው ዓይነቱ ካርሲኖማ (ከቆዳ ወይም ከውስጥ አካላት ሽፋን የሚነሳ ካንሰር) ከተባለ፣ ከመንጋጋ አጥንት ውስጥና ከጥርስ ህዋሳት ከሚነሱት በስተቀር፣ እንደተሰራጨ ይቆጠራል። ይህን ብቻ ሁላችንም ብንይዘው የመዝገቡ መልክ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ ሲ79.5 ብቻውን ተንጠልጥሎ አይላክልን። መነሻው የት ነው? ታውቆ በሕክምና ላይ ካለ የራሱ ኮድ ይከተል። ተወግዶ ሕክምናውም አልቆ ከሆነ የዜድ85 ታሪክ ይሁን። ተፈልጎ ካልተገኘ ሲ80.0 አለለት፣ መነሻው ያልታወቀ ካንሰር ማለት ነው። «አልታወቀም» እና «አልተጻፈም» ለየቅል ናቸው፣ እባካችሁ።

ማይሎማን በተመለከተ ደግሞ፣ ፊልሙ ላይ አጥንቱ ቦታ ቦታውን የተቦረቦረ ሆኖ ስለታየ ብቻ ሲ79.5 የሚጨምሩ አሉ። ማይሎማ የመቅኒ ህዋሳት በሽታ ነው፣ አጥንቱን የሚያጠቃው የራሱ ጠባይ ሆኖ እንጂ ከሌላ ቦታ ተሰራጭቶ አይደለም። ሲ90.0 ይበቃዋል። የአጥንት መሳሳት አብሮ ከተጻፈ ኤም82.0 ከጎኑ ይገባል።

የአጥንት ቀዶ ሐኪም (ተጋባዥ)፦
ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። በእኛ በሐኪሞች በኩል ያለውን ልናገር። አሳጥረን የምንጽፈው የኮዱ ነገር ምን ላይ እንደሚያርፍ የነገረን ስለሌለ ነው። ለእኔ «ስብራት፣ ጡት ካንሰር» ስል ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ፊልሙን አይቻለሁና። እናንተ ግን ፊልሙን አላያችሁም፣ ብታዩትም ልትተረጉሙት አይፈቀድላችሁም። ስለዚህ ጠይቁን። ግን በአጭሩ ጠይቁን፣ ሁለት ገጽ ቅጽ ከመጣ ማንም አይሞላውም።

አንድ ነገር ከረቂቁ ጎድሏል። ሊሰበር የደረሰ አጥንት አለ። የጭኑ አጥንት ውስጥ ካንሰሩ የፈጠረው ትልቅ ቁስል አለ፣ አጥንቱ አልተሰበረም፣ ሳይሰበር ቀድመን ብረት እናስገባለን። ይህን የምንወስነው ብዙ ጊዜ በሚሬልስ ነጥብ ነው። ቦታውን፣ የሕመሙን ክብደት፣ ቁስሉ ፊልም ላይ ያለውን መልክና መጠኑን አይቶ ከ4 እስከ 12 ይሰጣል፣ 9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀድሞ ማጠናከር ይመከራል። ቀዶ ሕክምናው ከስብራት ጥገና ጋር ስለሚመሳሰል ኮደሮች ስብራት ብለው ሲመዘግቡት አይቻለሁ። ስብራት የለም። ያለው ሲ79.5 እና መነሻው ነው።

ነባር ኮደር፦
ዶክተር፣ ይሄኛው በእርግጥ አምልጦን ነበር፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ በአንድ ካርድ ላይ ከስንት ጥያቄ በላይ ቢመጣብዎ ነው የሚሰለችዎት?

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
አራት። ከዚያ በላይ ከሆነ ስልክ ደውሉልኝ።

የሲኤም ተጠቃሚ፦
እኔ የምሠራው በሲኤም ስለሆነ ሰንጠረዡ ላይ ልጨምር። እኛ ጋ አጥንትና መቅኒ ተለያይተዋል፣ ሲ79.51 አጥንት፣ ሲ79.52 መቅኒ። ስብራቱ ኤም84.5 ነው፣ ቦታው፣ ግራ ቀኙና ሰባተኛው ፊደል ይታከልበታል፣ ያ ፊደል የመጀመሪያ ሕክምና ነው ወይስ ክትትል የሚለውን ይናገራል። ከካንሰር ለሚመጣ ሕመም ጂ89.3 አለን። ዴኖሱማብ ወይም ዞሌድሮኒክ አሲድ ሲወስድ የመንጋጋ አጥንቱ ለሞተበት ታካሚም ኤም87.180 አለ፣ መድኃኒቱን ከሚናገር ተጨማሪ ኮድ ጋር። ይሄኛው የካንሰሩ ስርጭት ሳይሆን የሕክምናው ጉዳት ነው፣ ሲ79.51 ስር ተደብቆ መቅረት የለበትም።

የምንለያየው በቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። የእኛ መመሪያ የሚለው እንዲህ ነው፦ ሕክምናው ያተኮረው ስብራቱ ላይ ከሆነ ስብራቱ ይቅደም፣ ካንሰሩ ላይ ከሆነ ካንሰሩ ይቅደም። እናንተ ጋ ግን ሁልጊዜ ካንሰሩ ነው የሚቀድመው አይደል? ታዲያ የጋራ ሐሳብ እንዴት ይሆናል?

ነባር ኮደር፦
ሁልጊዜስ አይደለም። እኛ መጽሐፍ ላይ የመስቀል ምልክት ያለበት ኮድ መንስኤው ነው፣ የኮከብ ምልክት ያለበት ደግሞ ያስከተለው ችግር ነው፣ በተለምዶ መስቀሉ ይቀድማል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለሕመም መረጃ ሲሆን፣ ሕክምናው ያነጣጠረው ችግሩ ላይ ከሆነ ሁለቱን ማገላበጥ ይፈቅዳል። የማይፈቅደው ኮከቡን ብቻውን መተው ነው። ለሞት ምክንያት ግን ማገላበጥ የለም፣ መነሻው ነው የሚፈለገው።

ስለዚህ ስምምነታችን «ማን ይቅደም» ላይ አይሁን፣ «አይለያዩ» ላይ ይሁን። ስብራቱ ካንሰሩን ጥሎ፣ ካንሰሩም ስብራቱን ጥሎ ከካርዱ እንዳይወጣ። በሁለቱም መጽሐፍ ይሠራል።

የሲኤም ተጠቃሚ፦
በዚህ እስማማለሁ። የእኔን ተቃውሞ አንሱት።

አንድ አባል፦
ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። አይሲዲ-11 እኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። በአሮጌው ላይ ይህን ያህል መድከም ለምን? ሐሳቡን በቀጥታ በአዲሱ እንጻፈው።

የካንሰር መዝገብ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ አሳብህ ይገባኛል፤ ግን አብዛኞቻችን ዛሬ ጠዋት የሠራነው በ10 ነው። ደግሞ 11 ላይ የሐኪሙ ማስታወሻ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀንስም። እዚያ ኮዶችን ሰንሰለት አድርገን ነው የምናያይዘው፤ ካንሰሩን፣ ቦታውን፣ ያስከተለውን ችግር። ማያያዣውን ካርዱ ካልነገረን ምን ይዘን እናያይዛለን? አሁን ሐኪሞቹን የምናስለምደው ነገር ለ11 የሚሆን ስንቅ ነው።

አስተባባሪዋ፦
ተግባብተናል መሰለኝ። ረቂቁን እንደገና ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ።

ረቂቅ 2፦ «ማህበሩ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ካንሰር ያለበት ታካሚ የአጥንት ችግር ሲኖረው የሚያክመው ሐኪም አራት ነገር ይጻፍ፦ መነሻው ካንሰር የት እንደሆነና አሁን በሕክምና ላይ መሆን አለመሆኑን፤ ካንሰሩ አጥንት ወይም መቅኒ መድረስ አለመድረሱን፤ አጥንቱ ተሰብሮ እንደሆነና የት እንደሆነ፤ ለአጥንቱ ችግር ምክንያቱ ምን እንደሆነ። ኮደር ከመድኃኒት ማዘዣ፣ ከላብራቶሪ ወይም ከራጅ ንባብ ብቻ ተነስቶ ስርጭት ወይም ስብራት አይመዝግብ። የካንሰሩና የስብራቱ ኮድ ሁልጊዜ አብረው ይሂዱ። ሊሰበር የደረሰ አጥንት እንደተሰበረ አይቆጠር። የኮድ ሰንጠረዡ በሁለቱም ቅጂ ተዘጋጅቶ በአባሪነት ይያያዝ።»

ጀማሪ ኮደር፦
እኔ የሐኪሙን መጠየቂያ ቅጽ ሞክሬ ጽፌዋለሁ፣ አንድ መስመር ነው፦ «ስብራቱ በካንሰሩ ምክንያት ስለሆነ ይህንኑ ያረጋግጡልን።» ይሆናል?

ነባር ኮደር፦
ደፍረሽ መጻፍሽ ጎበዝ ነሽ፣ ግን ይህ መልሱን ሐኪሙ አፍ ላይ ያስቀምጣል። ፊርማ እንጂ ሐሳብ አይጠይቅም። ኦዲተር ቢያየው ኮዱን ይሰርዘዋል፣ ልክም ነው። ምርጫዎቹን ሁሉ እኩል አስቀምጪ፣ ካርዱ ላይ ያየሽውን ማስረጃ ከላይ ጥቀሺ፣ ክፍያን የሚመለከት ቃል አታስገቢ።

ጀማሪ ኮደር፦
እሺ ጋሼ። አሁንስ?

«በማስታወሻዎ የአከርካሪ አጥንት ስብራትና የጡት ካንሰር ተጠቅሰዋል። ታካሚዋ ሌትሮዞል ትወስዳለች፣ የጨረር ሕክምናም አግኝታለች። በእርስዎ የሕክምና ግምገማ የስብራቱ ምክንያት የትኛው ነው፦ ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰር፤ በመድኃኒት የመጣ የአጥንት መሳሳት፤ በሌላ ምክንያት የመጣ የአጥንት መሳሳት፤ የጨረር ጉዳት፤ አደጋ፤ ሌላ (ይግለጹ)፤ ለመወሰን አይቻልም።»

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፦
ይህን በእጄ ቢሰጡኝ ቆሜ እሞላዋለሁ። «ለመወሰን አይቻልም» የሚለው መኖሩን ወድጄዋለሁ፣ ባዮፕሲ (የናሙና ምርመራ) እስኪደርስ በእርግጥ የማናውቅበት ጊዜ አለና። እንዲያውም እዚያ ላይ «ውጤት ሲመጣ ተመልሳችሁ ጠይቁኝ» የሚል ሳጥን ጨምሩበት።

አስተባባሪዋ፦
ሳጥኑ ገብቷል። ሰንጠረዡን የሲኤም ተጠቃሚያችንና ነባሩ ኮደራችን አብረው ያዘጋጁት፣ የመነሻ ካንሰሩን ክፍል የካንሰር መዝገብ ባለሙያው ያንብበው፣ ቅጹ ደግሞ የጀማሪዋ ነው፣ ስሟም አዘጋጅ ተብሎ ይግባበት። ዶክተር፣ እርስዎ ቅጹን ለሥራ ባልደረቦችዎ አሳይተው የሚሉትን ቢያመጡልን። የማይስማማ ካለ ድምጽ ከመስጠታችን በፊት እዚሁ ይጻፍልኝ።