ማሕፀን በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የጓሮ ሥራ፦ የቱ አሁን ይሠራ፣ የቱ ይቆይ? (ጅማ)

የጅሬን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 54 ዓመቷ ነው። በማዮማ (በማሕፀን ዕጢ) ምክንያት ሆዷ ተከፍቶ ማሕፀኗ ከወጣ 3 ሳምንት አልፎታል። ቁስሏ ደርቋል፣ ስፌቱም ተፈቷል። ሲሸኟት «ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ብለዋታል፤ ከባድ ማለት ስንት ኪሎ ነው፣ መኮትኮትስ ይቆጠራል ወይ የሚለውን ግን አላብራሩልንም። ሰኔ ስለገባ ልቧ ጓሮ ነው ያለው። ጎመን፣ ጎደሬ፣ ጥቂት እንሰትና አንድ አቮካዶ አለን፤ በላስቲክ ያፈላናቸው 30 የቡና ችግኞችም መተከያቸው ደርሷል። ቁጭ በይ ስንላት «ደህና ነኝ፣ አላመመኝም» ትላለች፤ እውነትም አያማትም።

የትኛውን ሥራ አሁን ብትሠራ አይጎዳትም፣ የትኛው ይቆይ? መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ብትሠራ ይረዳታል? አፈሩና ፍጉስ ለቁስሏ አያሰጋም? ከቧንቧ እስከ መደቡ ውሃ የምታመላልሰውም እሷ ነበረች።

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦

እህቴ፣ ፈጣሪ እናትሽን ይማርልሽ። ብዙዎችን የሚያሳስተው ይሄው «አያመኝም» የሚለው ነው። ቆዳ በ10 ወይም በ14 ቀን ይገጥማል። ሆድ ዕቃን አጥብቆ የሚይዘው ግን ከቆዳውና ከስቡ ሥር ያለው ጠንካራ የጡንቻ ሽፋን ሲሆን፣ በ3ኛው ሳምንት የቀድሞ ጥንካሬውን አንድ አምስተኛ ያህል ነው መልሶ ያገኘው። 3 ወር ሲሞላው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። አሁን ሆዳቸውን የያዘላቸው በአብዛኛው የውስጡ ክር ነው። ከባድ ነገር ሲነሳ የሆድ ውስጥ ግፊት በአንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ያኔ ክሩ ራሱ ሳይበጠስ የያዘውን ሥጋ ቀስ በቀስ ይቀደዋል። ሕመሙ ያን ቀን ላይሰማ ይችላል። ከወራት በኋላ ሲያስሉ ጠባሳው ላይ ወጣ ገባ የሚል እብጠት ይታያል፤ ቡአ የሚባለው ማለት ነው፣ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ነው። ማሕፀን ሲወጣ ደግሞ የብልት ቦይ የላይኛው ጫፍ በክር ተሰፍቶ ይዘጋል፤ ያም ስፌት ከላይ የሚመጣውን ግፊት ሁሉ ይቀበላል።

ስለዚህ በቁጥር ላስቀምጥልሽ፦ 6 ሳምንት እስኪሞላ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ አያንሡ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ለእሳቸው ጨርሶ አይሆንም። ባለ 10 ሊትር ባልዲም እጥፍ ነው። በየእጃቸው አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይችላሉ። 6 ሳምንት ሲሞላ ለምርመራ ተመልሰው «ደህና ነው» ከተባሉ በኋላ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ፤ ጀሪካን መሸከም ግን ከ3 ወር በፊት አይታሰብ።

መቀነቱን በተመለከተ፦ ለዘብ ተደርጎ ቢታሰር ሲነሱና ሲያስሉ ደገፍ ያደርጋል። አጥብቀው ሲያስሩት ግን ግፊቱ የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ታች፣ ወደዚያው ወደ ውስጡ ስፌት ይወርዳል። ይባስ ብሎ «ታስሬያለሁ» የሚል ድፍረት ይሰጣል። መቀነት ታሰረ ተብሎ የኪሎው ልክ አይጨመርም።

አፈርና ፍግ የገጠመና የደረቀ ቁስልን እምብዛም አያሰጋም፤ ንጹሕ ልብስ ይሸፍነው፣ ከጓሮ ሲመለሱ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ አይንኩት። የሚያሰጋው እጅና እግር ላይ የሚፈጠር አዲስ ጭረት ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈርና ፍግ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፣ በትንሽ ውግታም ይገባል። ክትባቱን ከወሰዱ 10 ዓመት ካለፈ ወይም መቼ እንደወሰዱ ካልታወቀ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ። ጓንትና የተዘጋ ጫማ የግድ ነው። ባዶ እግር መሄድ መንጠቆ ትልንም ይጋብዛል፤ ትሉ አንጀት ውስጥ ሆኖ ደም ይመጥጣል፣ ማዮማ ደም ላሳጣት ሴት ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። እጃቸው ቢቆረጥ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑት። የቡና ዱቄት አይነስነስበት፤ ደሙን ያቆመ ይመስላል እንጂ ቆሻሻውን ውስጥ ያስቀረዋል።

ሥራ ትተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላት፣ መሞቅ ወይም መግል፣ ጠባሳው ላይ ድንገት የሚወጣ እብጠት፣ የአንድ እግር ባት ብቻ ማበጥና መቆጥቆጥ። ከብልት የሚወርድ ደማቅ ቀይ ደም በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥራቸውና ደረታቸውን ቢወጋቸው፣ አንድም ደቂቃ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

ፊዚዮቴራፒ፦

ነርሷ ባለችው ሁሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ተኝተው ይክረሙ ማለት አይደለም። መተኛት እግር ውስጥ ደም ያረጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ድርቀት ደግሞ ሽንት ቤት ሲያስምጥ ልክ ዕቃ እንደ ማንሳት ይጫናል። በቀን ጥቂት ጊዜ ጓሮውን መዞር መድኃኒት ነው። አሳሳቢው አቀማመጡና አነሣሡ ነው።

የጅማ በርጩማ ያምራል፣ ለቡና ማፍላት የሚያህለው የለም፣ ለዚህ ጊዜ ግን ዝቅ ይላል። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ ሆድ ይታጠፋል፣ ጠባሳው ይጨመቃል፤ ሲነሱም እጅ የሚደገፉበት ስለሌለ ኃይሉ ሁሉ ከሆድ ይመጣል። 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ይሻላል። እግሩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፍ። ሲነሱ መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይምጡ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ይሰብስቡ፣ እጃቸውን ተደግፈው ትንፋሽ እያወጡ ይነሡ። ትንፋሽን ይዞ መነሣት፣ ይዞ መጎተት፣ ይዞ መግፋት፣ እነዚህ ናቸው ግፊቱን የሚያንሩት። ቁጢጥ ብሎ መሥራት 6 ሳምንት ይቆይ።

መጎተት ሲባል ሰው የሚረሳው አረም መንቀል ነው። ሰርዶ ሥሩ መሬት ውስጥ ተሳስሮ ስለሚሄድ አንዱን ለመንቀል ሙሉ ሰውነት ይጎትታል፤ ድንገት ሲለቅ ደግሞ ሰውን ወደ ኋላ ይጥላል። ዶማ መወርወር፣ እንሰት መፋቅ፣ ጎደሬ ቆፍሮ ማውጣት፣ ባለ 15 ሊትር የመርጫ ታንክ በጀርባ ማዘል፣ ለአቮካዶ ወደ ላይ መንጠራራት ሁሉም 3 ወር ይጠብቁ። እንሰት መፋቅን ከሁሉ አስቀድሜ ነው የምከለክለው፤ እግር ሽቅብ ተወጥሮ፣ ክንድ ቁልቁል እየጫነ፣ ሆድ መሐል ላይ ይሠራል።

ከዝናብ በኋላ የጅማ ቀይ አፈር እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መውደቁ ብቻ አይደለም፣ ላለመውደቅ ድንገት መወጠሩም ስፌቱን ይጎዳል። የሚሄዱበት መስመር ላይ ጠጠር አፍሱ። እንደ ትራማዶል ያለ የሚያዞር ማስታገሻ ከወሰዱ ያን ቀን ከጓሮ ይቅሩ። በአንድ ጊዜ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ አይብለጥ።

ጓሮ አትክልት፦

ለጎመኑ መደቡን ትታችሁ ጆንያ ላይ ትከሉ፤ ሳያጎነብሱ ይሠሩበታል። ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ውሰጂና በቋሚ ቦታው ላይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ብሎኬት ላይ አስቀምጪው። አንዴ ከሞላ ሁለት ሰው አያነሳውም፤ መሙላቱም የእናትሽ ሥራ አይደለም። ድብልቁ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ይሁን። ትኩስ ፍግ ከሆነ ሙቀቱ ሥሩን ያቃጥለዋል፣ ቢያንስ 3 ወር የቆየ መሆን አለበት።

ሰው የሚሳሳተው መሐሉ ላይ ነው። ከላይም ከታችም የተከፈተ ትልቅ የወተት ጣሳ ጆንያው መሐል አቁሚ፣ ውስጡን ጠጠር፣ ዙሪያውን አፈር ሙዪ፤ ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቢና እንደገና ሙዪ፣ እንዲህ እያልሽ እስከ አፉ። ይህ የጠጠር ዓምድ ከሌለ ቀይ አፈሩ ሲጠጥር ውሃው ላይ ላዩን ይቀራል፣ የታችኞቹ ችግኞች ይደርቃሉ። ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ትተሽ ጎኑን በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያልሽ ቅደጂ። ቅዳዱ ከሁለት ጣት አይስፋ፣ አለበለዚያ አፈሩ ይፈሳል። አራት ቅጠል ያወጡ ችግኞችን ወንበር ላይ ተቀምጠው መሰካት፣ ከላይኞቹ ረድፎች ጎመን መቅጠፍ፣ ዘር በትሪ ጠረጴዛ ላይ ማፍላት፣ እነዚህ የእናትሽ ሥራ ናቸው። ጠጠሩ ላይ ጠዋት ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይበቃል፣ በዘነበበት ቀን ምንም አያስፈልግ።

ለአረሙ ደግሞ የሙዝና የእንሰት ቅጠል ቆራርጠሽ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጎዝጉዢ፤ ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ፣ ካልራቀ እርጥበቱ ግንዱን ያበሰብሰዋል። የበቀለውንም አትንቀሉት፣ አጭዳችሁ እዚያው ላይ ተዉት።

የጅሬን ልጅ፦

ፈጣሪ ይስጥልኝ፣ ያልጠበቅሁትን ያህል ነው ያገኘሁት። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ደም አንሷት ስለነበር የብረት እንክብል ትወስዳለች፤ ሆዷን ያደርቃታል። የቡና ችግኞቹንስ ምን ላድርግ? እኔና ወንድሜ እንትከል ስንል «እናንተ ታበላሹታላችሁ» ብላ አላስነካ አለችን።

የቀዶ ሕክምና ነርስ፦

እንክብሉን ከቡናና ከሻይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያርቁት፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ጅማ ላይ ደግሞ ቡና የሚጠጣው በቀን አንዴ ብቻ አይደለም። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ቢወስዱት ጥሩ ነው። ለድርቀቱ ውሃ፣ ጎመን፣ ተልባ ይሞከር፤ ካልለቀቀ ማለስለሻ ይጻፍላቸው እንጂ ሐኪሙን ሳያማክሩ ብረቱን አያቋርጡ።

ጓሮ አትክልት፦

ችግኙን እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያዘጋጁ፣ እናንተ መሬት ላይ ትከሉ። አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ከኪሎ ብዙም አይዘልም፣ አንድ አንድ እያደረጋችሁ አቀብሏቸው። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ይቅደዱ፣ ከአፈሩ ግርጌ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ። ላስቲክ ውስጥ የቆየ ችግኝ ዋና ሥሩ ግርጌው ላይ ይጠመዘዛል። ሳይቆረጥ ከተተከለ ሁለት ሦስት ዓመት አምሮ ያድግና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ይጠወልጋል። ይህን ለይቶ የሚያይ ዓይን እሳቸው አላቸው፤ የተጠማዘዘውን ይለዩ፣ የባሰበትን ይጣሉ።

ጉድጓዱን አንቺና ወንድምሽ 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፣ በመሐሉ 2 ሜትር ይኑር። የላዩን አፈር ለብቻ አድርጉ፣ ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ እሱን አስቀድማችሁ መልሱ። የግንዱና የሥሩ መጋጠሚያ ከመሬቱ ወለል እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተተከለ ውሃ ሲቋጥርበት አንገቱ ይበሰብሳል። ዙሪያውን በእጅ ጠቅጥቁ፣ በእግር አትርገጡት። ጥላ ከሌለ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ሰክታችሁ አስጠልሉት።

ካልተስማሙ ደግሞ ችግኞቹ ጥላ ሥር ሆነው ይጠብቁ። 6 ሳምንታቸው ሐምሌ ላይ ይሞላል፣ ጅማ ደግሞ ዝናቡ እስከ መስከረም አለ። የሚጠፋ ነገር የለም፤ ጉድጓዱን ግን ከአሁኑ ቆፍሩት።