በአንድ ቴሌኮም የተቆለፈ ላፕቶፕ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሲም የሚገባበት ላፕቶፕ ከቴሌኮም ኩባንያ በኮንትራት ገዝቼ ነበር። አሁን ወደ ሌላ አገር ተዛውሬ የዚህኛውን አገር ሲም ሳስገባበት እምቢ አለኝ። ዋይፋይ ግን ይሠራል። ፎርማት አስደርጊው ያለኝ ሰው አለ። ምን ትላላችሁ?

መላሽ፦ እህቴ፣ ፎርማቱን ተይው። ፋይልሽን ታጪያለሽ እንጂ ቁልፉ ንቅንቅ አይልም። የሸጠልሽ ኩባንያ ለራሱ ሲም ብቻ የቆለፈው ዊንዶውሱን ሳይሆን ውስጡ ያለውን የሞደም ካርድ ነው፤ ማለትም ላፕቶፑን ከሲም ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘውን ካርድ። ዋይፋዩ የሚሠራልሽም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዪ። አዲሱን ሲም ያልተቆለፈ ስልክ ላይ ሞክሪው። እዚያ ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ላፕቶፑ ይዞራል። ፒን ከጠየቀሽ ግን እሱ የሲሙ ጉዳይ ነው። ፒን 3 ጊዜ ከሳትሽ ፑክ የሚባለውን የሲም መክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሻል፤ ፑኩን 10 ጊዜ ከሳትሽ ሲሙ አበቃለት። አንዳንዴ ደግሞ ኤፒኤን (ሲሙን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ቅንብር) ሳይሞላ ቀርቶ ነው ሰው የሚጨነቀው።

ቁልፍ መሆኑን ካረጋገጥሽ የሞደሙን አይኤምኢአይ፣ ማለትም የመለያ ቁጥሩን ያዢ። 15 አሃዝ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ፣ ከዚያ ሴሉላር የሚለው ሥር ይገኛል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ከታች በኩል ተለጥፎበታል።

ከዚያ የሸጠልሽን ኩባንያ ቁልፉን እንዲከፍትልሽ ጠይቂ። እኔን ሁለት ጊዜ «ላፕቶፕ አንከፍትም» ብለው መልሰውኛል። በሦስተኛው ላፕቶፕ የሚለውን ቃል ሳላነሳ «የሞደም አይኤምኢአይ አለኝ» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። ስልክ የሚያነሱት ልጆች የለመዱት የሞባይል ጥያቄ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

የመክፈቻ ኮድ ከላኩልሽ ተረጋግተሽ አስገቢ። የሙከራው ብዛት የተወሰነ ነው፤ ካለፈ ሞደሙ ለዘለቄታው ሊቆለፍ ይችላል። ስለዚህ ኦንላይን የሚቸበቸበውን «ርካሽ ኮድ» እየገዛሽ አትሞክሪ።

ሁለተኛ መላሽ፦ አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ቁልፍ የመክፈት ሕግ ስለ ሞባይል ነበር። በ2021 ግን የኮፒራይት ደንቡ ሰፍቶ በሕጋዊ መንገድ ያገኛችሁትን ማንኛውንም የሞባይል ኔትወርክ መሣሪያ መክፈት ተፈቀደ። ላፕቶፕም እዚያ ውስጥ ይገባል። ኩባንያው የግድ ይከፍትልሃል ማለት ግን አይደለም፣ ብትከፍተው በኮፒራይት አትከሰስም ነው ነገሩ።

ካርዱን ራሱን መቀየርም ይቻላል። ግን አንዳንድ ላፕቶፕ ባዮሱ (ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) የሚያውቀውን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን አጣሩ።

መላሽ፦ ልክ ነው። እኔም አንድ ነገር ረስቻለሁ፤ ቢከፈትም ሞደሙ የአዲሱን አገር ባንድ፣ ማለትም ኔትወርኩ የሚሠራበትን የሬዲዮ ሞገድ ላይደግፍ ይችላል። የሞደሙን ሞዴል ፈልገሽ የሚደግፋቸውን ባንዶች ሲሙን ከሰጠሽ ኩባንያ ባንዶች ጋር አስተያዪ። ካልገጠመ ከኮድ ጋር መታገሉ ትርፉ ድካም ነው፤ ከስልክሽ ሆትስፖት መክፈት ይሻላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባንዱ ይገጥማል። አይኤምኢአዩን ይዤ ደወልኩላቸው፤ ለካ የኮንትራቱ የመጨረሻ ወር ክፍያ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሯል። እሱን ከፍዬ ኮዱን እየጠበቅሁ ነው።